ጥጥ የሚስብ መርፌ

በጃንሆይ ዘመን፣ አቃቂ ላይ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ሲታመም መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መድኃኒቱ አልነበረም። «ማን ነው የሚወጋኝ?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው። ክኒን የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። መርፌ ሳይወጋ ታከምኩ የሚል አልነበረም። የመርፌ ነገር ደግሞ ከእጅ እጅ ይለያያል። እጀ ከባድ ድሬሰር፣ ማለትም የሐኪም ረዳት፣ የወጋው ሰው ሲያነክስ ይውላል። እጀ ቀላል የወጋው ግን ሱሪውን እየታጠቀ «አለቀ እንዴ?» ይላል።

አደሴ ኦላና እጀ ቀላል ነበረች።

አባቷ አቶ ኦላና ከአቃቂ ወንዝ ወዲህ ጤፍና ሽምብራ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ሲሠራ አጥሩ በማሳቸው መካከል አለፈ። እሳቸውም ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ ትናንት ባረሱት መሬት ላይ ዱላ ይዘው ይቆሙ ጀመር። አደሴ በልጅነቷ እግሯን ቁስል ይዟት ሚስዮኖች ክሊኒክ ተወስዳ ነበር። ቁስሉ ሲድን እሷ ግን አልተመለሰችም። ፋሻ መጠቅለል፣ ዕቃ መቀቀል፣ ኋላም መርፌ መውጋት ተምራ እዚያው አደገች። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ክሊኒክ ሲከፍት አቶ ኦላና ካቦውን ደጅ ጠንተው አስቀጠሯት። ነጭ ጋዋን ለብሳ በበሩ ስትገባ ባዩ ጊዜ ሰላምታ እንደሚሰጥ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙላት ይባላል።

ክሊኒኩ ከጥጥ መጋዘኑ አጠገብ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበር። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ከከተማ በመኪና እየመጣ አይቶ ይሄዳል። አማርኛ አያውቅም። የቤቱ ጌታ ዋናው ድሬሰር አሻግሬ ነበር። ከጦር ሠራዊት የወጣ፣ ጺሙን በጥንቃቄ የሚከረክም፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። ለሐኪሙ የሚያስተረጉመውም እሱ ነው። ዕቃ የምትቀቅለውና ቤቱን የምትጠርገው ያለምወርቅ የምትባል ሴት ነበረች።

በዚያን ጊዜ መርፌ አንዴ ተወግቶበት አይጣልም። ይታጠባል፤ በላምባ ምድጃ ይቀቀላል፤ ሲደነዝ በመሳያ ድንጋይ ይሳላል፤ ከዚያ እንደገና ይወጋበታል። መሳሉ የአሻግሬ ሥራ ነበር። የመርፌውን ሣጥን ቁልፍ በኪሱ ይዞ፣ ጠዋት ጠዋት ለራሱ በአንድ ሰሃን፣ ለአደሴ በሌላ ሰሃን ለይቶ ለያለምወርቅ ይሰጣታል። እሷም ሁለቱን ሳታደባልቅ ቀቅላ ታቀርባለች።

ለጥቂት ጊዜ ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር። አሻግሬ አለቃነቱን ያውቃል፤ አደሴም ታዛዥነቷን ታውቃለች። ነገሩን ያበላሸው አንድ ጠዋት ከአስተዳደር የመጣ ትልቅ ሰው ነው። ጉንፋን ይዞት መርፌ ታዞለታል። አሻግሬ ጋዋኑን አስተካክሎ፣ እጁን ታጥቦ ሲቀርብ ሰውየው፦

«አንተ ተወው፤ ልጅቷ ትውጋኝ» አለ። «ሠራተኛው የሚያወራው ስለ እሷ እጅ አይደለም እንዴ?»

ሰልፍ የያዘው ሰው ሳቀ። አደሴ ወጋችው። ሰውየው «እውነትም!» ብሎ ሄደ። አሻግሬ የታጠበ እጁን በፎጣ ደጋግሞ ሲያደርቅ ቆየ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዋን አልመለሰም። ጠዋት ገብታ «እንደምን አደሩ አቶ አሻግሬ» ስትል ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። የምትቀመጥባት በርጩማ አንድ ቀን ጠፋች፤ ብትጠይቅ «ቀላል ሰው መቀመጫ ምን ያደርግለታል?» አላት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። የሠፈሯ ባልቴት መጥተው በኦሮምኛ ስታነጋግራቸው «እዚህ ገበያ አይደለም!» ብሎ ይጮኽባታል። በተለይ የሚወደው ግን ሰልፉ ሞልቶ ሳለ ነበር።

«እመት ቀላሊት!»

«አቤት።»

«ያን የእጣቢ ባልዲ ድፊው። እጅሽ ቀላል ነው አይደል? ባልዲው አይከብድሽም።»

ያለምወርቅ ትስቃለች። አሻግሬም ይቀጥላል፦

«እበት ስትጠፈጥፍ ያደገች እጅ ዛሬ ሰው ትወጋለች! ጊዜ ነው እንግዲህ፤ ምን ይደረጋል?»

ያለምወርቅ ከቅድሙ ጮክ ብላ ትስቃለች። ክፋት ኖሮባት አይደለም። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ አሻግሬ አንድ ቃል ለካቦው ቢናገር በማግስቱ ከበር ውጭ እንደምትሆን ታውቃለች። አደሴ ባልዲውን ደፍታ ስትመለስ ግን ያለምወርቅ አይኗን ከአይኗ ታሸሽ ነበር።

አደሴ ይህን ሁሉ ቻለችው። ስድቡ ክሊኒኩ ውስጥ ይቀራል፤ ሰልፉ ግን ወደ እሷ ነው። ሠራተኛው በአሻግሬ በኩል ያለውን ቦታ ባዶ ትቶ በእሷ በኩል እስከ በረንዳው ሲሰለፍ፣ ቆማ የዋለ እግሯ ሕመሙን ይረሳል። ያቺ እጇ እስካለች ድረስ ሌላው ነገር ይታለፋል ብላ ታስብ ነበር።

አንድ ቀን በዛብህ የሚባል ግዙፍ ሸማኔ ተራው ደርሶ ሱሪውን ዝቅ አደረገ። ከወር በፊት ሲወጋ እየቀለደ የወጣ ሰው ነው። አደሴ እንደ ልማዷ በአልኮል ጠረገችው፤ መርፌውን ሰደደች። በዛብህ ቤቱን የሚያናውጥ ጩኸት ጮኸ።

«አደሴ! ምን ነካሽ ዛሬ? ምስማር ነው እንዴ የተከልሽብኝ?»

ከሱ ቀጥሎ የገባችው የፈታይ ክፍል ልጅ አለቀሰች። የሚቀጥለው ሰው ደም ፈሰሰው። ከኋላ የነበሩት ተያዩ፤ አንድ ሁለቱ ቀስ ብለው ወደ አሻግሬ ሰልፍ ተሻገሩ። አሻግሬ ጺሙን እየደባበሰ ተቀበላቸው። ያን ቀን ብቻ ባልዲ ድፊ አላላትም።

ሰው ሲያልቅ አደሴ ከሰሃኗ አንድ መርፌ አነሳች። ቁራጭ ጥጥ ወስዳ ጫፉን በጥጡ ላይ ጎተተችው። ሚስዮኖቹ ዘንድ እንዲህ ነበር የሚፈትኑት። ደህና መርፌ በጥጥ ላይ ሲሳብ እንደ ዘይት ያልፋል። የታጠፈ ወይም የተሸረፈ ከሆነ የጥጡን ክር ይዞ ይመጣል። ይህኛው ይዞ መጣ። ሌላም አነሳች። እሱም ይዞ መጣ። በሰሃኗ ውስጥ ካሉት አንድም ያልያዘ አልነበረም።

«አቶ አሻግሬ» አለችው ብቻውን ሲሆን ጠብቃ፣ «የእኔ መርፌዎች ጥጥ ይስባሉ። ቢስሉልኝ?»

ጫማውን በጨርቅ ይወለውል ነበር። ቀና አላለም።

«መርፌው ነው ወይስ እጁ?»

«መርፌው ነው፤ ይዩት።»

«እጅሽ ቀላል ነው ሲሉሽ ጊዜ እጄ ነው አልሽ። ከበደ ሲሉሽ ደግሞ መርፌው ነው ትያለሽ? ጥሩ ነው!»

 በማግስቱም፣ በሚቀጥለውም ቀን ሰሃኗ ያው ነበር። ድንጋዩንና ሣጥኑን ቆልፎ ይሄዳል። ሰው ሲጮህ እጇ ይፈራል፤ እጇ ሲፈራ ደግሞ በእውነትም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይሄ ነበር ከሁሉ የባሰው። ማታ ቤቷ ገብታ ጣቶቿን እያየች «እሱ እንዳለው ይሆን እንዴ?» እስከ ማለት ደረሰች።

ሐኪሙ የመጣ ዕለት ቁርጧን አደረገች። መርፌና ጥጥ ይዛ ፊቱ ቆመች። በአማርኛ ተናገረች፤ አሻግሬ በፈረንጅኛ አስተላለፈ። የተናገረችው አጭር ነበር፤ አሻግሬ ግን ረዘም አድርጎ ተናገረ። ድምፁ ውስጥ ርኅራኄ ነበረበት፤ የታመመ ሰውን ጉዳይ እንደሚያስረዳ ዘመድ። ሐኪሙ የያዘችውን መርፌ አላየም። በዝግታ እጇን ያዘና ጣቶቿን እንድትዘረጋ ምልክት ሰጣት። ዘረጋች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ።

ያኔ አሻግሬ ምን ብሎ እንደነገረው ፈረንጅኛ ሳታውቅ ገባት።

«እንዲህ ብሏል» አለ አሻግሬ ወደ እሷ ዞሮ። «የሠራተኛው ቅሬታ በሳምንቱ መጨረሻ ካልቆመ፣ ከሰኞ ጀምሮ ፋሻ ማጠቢያ ትገቢያለሽ። ለጤናሽ ብሎ ነው።»

ፋሻ ማጠቢያ የገባ ሰው ተመልሶ መርፌ አይጨብጥም። አደሴ ይህን ታውቃለች። አባቷም በበሩ ቆመው ያውቃሉ።

በሽመናው ክፍል ደግሞ ሠራተኛው የራሱን ምክንያት አግኝቶ ነበር። አደሴ ከአሻግሬ ጋር ተኳርፋለች፤ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ቂም ይዛለች፤ የቂመኛ እጅ ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ መፍትሔው መታረቅ ነው። ስለ መርፌ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም ያቺን ቀላል እጅ ናፍቋት ነበርና ሽማግሌ ተመረጠ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የፋብሪካው ጡሩምባ ነፍቶ ሠራተኛው ሲወጣ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ክሊኒኩ ገቡ። አንዱ አቶ ወልደሰንበት ናቸው፤ በጥጥ ማበጠሪያው ክፍል ያረጁ፣ የሠራተኛው እድር ዳኛ፣ ቅንድባቸው በጥጥ ብናኝ ነጭ የሆነ የጉራጌ ሰው። ሌላው አቶ ታጁ ናቸው። በፋብሪካው በር ላይ ሳሙናና ስኳር የሚሸጡ የስልጤ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ጎረቤት ናቸው ተብሎ ክሊኒኩ ያክማቸዋል። ያለምወርቅ ወንበር አቀረበችላቸውና በሩ ሥር ቆመች። አሻግሬም ተቀመጠ። አደሴ ቆመች፤ በርጩማዋ አልተገኘችምና።

«ልጄ» አሉ አቶ ወልደሰንበት፣ «ሰው የሚለውን አንደብቅሽም። እጅሽ የከበደው ሆድሽ ስለከበደ ነው። ቂሙ ወደ እጅሽ ወርዷል። ከአለቃሽ ጋር ታረቂና እጅሽ ይመለስ።»

«ለእኔም ብለሽ ታረቂ» አሉ አቶ ታጁ። «ባለፈው ከወጋሽኝ ወዲህ ሱቄ ውስጥ ቆሜ ነው የምሸጠው። ደንበኛው ሁሉ ተነሥተው አከበሩን ይለኛል።»

ሁለቱም ሳቁ። አሻግሬም ሳቀ።

«በእኔ በኩል ቂም የሚባል የለም» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «እንደ ታናሽ እህቴ ነው የማያት። ስህተቷን ስነግራት ቅር ይላታል እንጂ።»

«አየሽ፣ እሱ ጨርሷል» አሉ አቶ ወልደሰንበት። «አንቺም ይቅር ለእግዚአብሔር በይ።»

አደሴ በልቧ አሰላች። ይቅር ብላለች ከተባለ፣ እጇን ያከበደው የራሷ ቂም ነው ማለት ነው፤ ሰኞ እንደገና ሰው ሲጮህ ደግሞ አሁንም አልለቀቃትም ይባላል። እምቢ ካለች ሽማግሌ የናቀች ክፉ ሴት ትሆናለች፤ አባቷም በእድሩ ፊት ያፍራሉ። መርፌው ነው ብትል ሐኪሙ ያላመናትን ማን ያምናታል?  ያለምወርቅ በሩ ሥር ሆና መሬት መሬት ታያለች።

«እንዴ፣ ልጄ! እየለመነሽ ያለው ሽማግሌ ነው እኮ።»

«ሰምቻለሁ አባባ።»

«እና?»

 አቶ ወልደሰንበት ተከዙ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገሩ እንዳይበላሽ መላ ፈለጉ። በዚያ ሰሞን አሻግሬ ወገቡን ብርድ መትቶት ሐኪሙ በየቀኑ መርፌ አዞለት ነበር። በአደሴ እጅ ላለመወጋት ሳሪስ ድረስ ጓደኛው ዘንድ እንደሚሄድ ፋብሪካው በሙሉ ያውቃል።

«እንዲህ ይሁን» አሉ ሽማግሌው። «በቃል ካልወጣላት በሥራ ይሁን። አቶ አሻግሬ፣ የዛሬውን መርፌህን እዚሁ በእሷ እጅ ተወጋ። ሰኞ ጠዋት እኔ ራሴ በየማሽኑ እየዞርኩ አለቃዋ አምኗት ተወጋላት ብዬ አወራለሁ። ከዚያ በላይ ዕርቅ የለም።»

«ወላሂ ጥሩ ብለዋል» አሉ አቶ ታጁ። «እኛ ፊታችንን እናዞራለን፤ አትፈር።»

አሻግሬ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሽማግሌ ፊት እምቢ ማለት አልቻለም።

«ምን ገዶኝ!» አለና ተነሣ። ቀበቶውን ፈትቶ አልጋውን ተደገፈ።

አደሴ መድኃኒቱን አዘጋጀች። ሁለቱ ሰሃኖች እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ የሱ በመስኮቱ በኩል፣ የእሷ በግድግዳው በኩል። እጇ ወደ ራሷ ሰሃን ሄደ። ሌላ ምን ታድርግ? የሱን ሰሃን ነክታ አታውቅም። መርፌውን በሲሪንጁ ላይ ገጥማ ዞረች። አሻግሬ በትከሻው ላይ አሻግሮ አያት።

«ቆይ» አለ። «ከዚያ አይደለም።»

«አቤት?»

«ከዚያ አይደለም አልኩሽ! ከእኔ ሰሃን አምጪ።»

አደሴ አልተንቀሳቀሰችም። አቶ ታጁ ፊታቸውን መለሱ።

«ምን ልዩነት አለው? መርፌ ሁሉ መርፌ አይደለም እንዴ?»

«ነው... ነው እንጂ። ያኛው ግን» አሻግሬ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ቀና አለ፣ «ያኛው የሠራተኛ ነው።»

 አቶ ወልደሰንበት ከወንበራቸው ቀስ ብለው ተነሡ።

«የሠራተኛ ነው?» አሉ። «እኔስ ምንድን ነኝ?»

 አደሴ ከጠረጴዛው ቁራጭ ጥጥ አንስታ በሽማግሌው መዳፍ ላይ አደረገች። የሲሪንጁን መርፌ ጫፍ በጥጡ ላይ ጎተተች። ጥጡ ተጎልጉሎ ተከተለው። ከሱ ሰሃን ደግሞ አንድ መርፌ አውጥታ ጎተተች። አለፈ፤ ምንም አልያዘም። አቶ ወልደሰንበት ዕድሜያቸውን በጥጥ ውስጥ የፈጁ ሰው ናቸው። የጥጥን ነገር ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም።

«በዚህ ነው ልጆቹን ስታስወጋ የከረምከው?» አሉት።

«ሥራ ይበዛል አባቴ፤ ሁሉን ለመሳል ጊዜ...»

«ጊዜ ነበር» አለ አንድ ድምፅ።

ያለምወርቅ ናት። ራሷም የተናገረችውን የፈራች ትመስል ነበር፤ ግን ቀጠለች።

«የሚስለውን ይስላል። የማይሳለውን ለይቶ ነው የሚሰጠኝ። እኔ እያየሁ ነው የምቀቅለው።»

አሻግሬ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሄደ። አቶ ታጁ ወንበራቸውን በመካከል አድርገው ተቀመጡበት። እንደ ቀልድ ነበር ያደረጉት፤ ግን ከዚያ አልተነሡም።

«ሰኞ አስተዳደር እንሄዳለን» አሉ አቶ ወልደሰንበት።  «አደሴ፣ እኛ አንቺን ልንለምን መጥተን ነበር፤ አፈርን። አሁን ምን እንዲደረግልሽ ትፈልጊያለሽ? አንቺ ተናገሪ።»

አሻግሬ ቀበቶውን አጥብቆ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ቢባረር የት እንደሚገባ እያሰበ ይሆናል። አደሴ ሲሪንጁን በእጇ ይዛዋለች፤ ያ መርፌ አሁንም ጫፉ ላይ አለ። ይህን ሰው አልጋው ላይ መልሳ አስተኝታ በዚያው እሱ ባልሳለው መርፌ ብትወጋው፣ ደግ አደረገች የሚላት እንጂ የሚከለክላት አልነበረም። ጣቶቿን አየቻቸው። አይንቀጠቀጡም።

መርፌውን ከሲሪንጁ ነቅላ እጣቢው ባልዲ ውስጥ ጣለችው።

«በዚህ ማንንም አልወጋም» አለች። «እርስዎንም ቢሆን። እጄን አላበላሽም።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ድንጋዩን ይስጠኝ፤ መርፌዬን ራሴ እስላለሁ። የሰደበኝ በሰልፍ ፊት ነው፤ የእጅ ነገር እንዳልነበረም በሰልፍ ፊት ይናገር። ሌላ አልፈልግም።»

«ይቅርታውስ?» አሉ አቶ ታጁ ቀስ ብለው።

«እሱን አልጠየቃችሁኝም እንበል።»

ድንጋዩን በዚያው ቅዳሜ ተቀብላ መርፌዎቿን ሳለች፤ የአስተዳደሩም የፋሻ ማጠቢያውም ነገር በዚያው ቀረ። ሰኞ ጠዋት ሰልፉ እንደ ሰሞኑ በአሻግሬ በኩል ነበር። አሻግሬ ወደ በረንዳው ወጣ። ማንንም ሳያይ፣ የወታደር ትእዛዝ እንደሚያነብ ሰው፦

«የእጅ ችግር አልነበረም» አለ። «የመርፌ ነበር። ተስተካክሏል።»

ማን እንዳበላሸው አልተናገረም። ግን አቶ ወልደሰንበት ከማለዳ ጀምሮ በየማሽኑ ዞረው ስለነበር የማያውቅ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ሰልፉን ለቆ የወጣው በዛብህ ነው። ግዙፍ ሰውነቱን እያወዛወዘ ወደ አደሴ ጠረጴዛ መጣ።

«ምስማር ነው ብዬሽ ነበር፤ አልሰማሽኝም» አላት።

«ምስማር ብለህ ስታበቃ እጄን አይደል ያማኸው?» አለችው። «ዙር ይልቅ።»

ዞረ። ሲያልቅ ገና መርፌውን እየጠበቀ ቆመ፤ ኋላ ተወግቶ ጥጡን መያዙን ሲያውቅ መሳቅ ጀመረ። ከኋላው ያሉት ሳቁን ሰምተው ተሻገሩ። አደሴም ከብዙ ጊዜ በኋላ ተቀምጣ ወጋች። በርጩማዋ ጠዋት ስትገባ ጠረጴዛው ሥር ተገኝታ ነበር። ያመጣኋት እኔ ነኝ ያለ የለም፤ ያለምወርቅ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ውሃ ትቀዳ ነበር።

አደሴ በዚያ ክሊኒክ ፀጉሯ እስኪሸብት ሠርታለች። አግብታ የወለደቻቸው ልጆች አቃቂ በሰቃ ውስጥ ነው ያደጉት። ያቺን መሳያ ድንጋይ መሃሏ እስኪጎደጉድ ድረስ ተጠቅማባታለች። ሰው ስለ ይቅርታው ሲጠይቃት ወሬ ትለውጥ ነበር። አሻግሬም ቦታውን አልለቀቀም፤ ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ ለብዙ ጊዜ ለሥራ ከሚያስፈልገው ቃል በቀር ሳይነጋገሩ ኖረዋል።

አንድ ክረምት ግን ወገቡ ባሰበት። ሳሪስ ድረስ መሄድ የማይችልበት ቀን ደረሰ። ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቆ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ወደ አደሴ ጠረጴዛ መጣ።  ጀርባውን ሰጥቷት አልጋውን ያዘና ቆመ።

አደሴ ከሰሃኗ አንድ መርፌ አነሳች። በፊቱ በኩል ዞራ፣ እያየ፣ ጫፉን በጥጥ ላይ ጎተተችው። ጥጡ አልተከተለም። አሻግሬ ጥጡን አየ፤ ከዚያ አይኑን ጨፈነ።

«ይተንፍሱ» አለችው። እጇ እንደ ወትሮው ነበር።